ጥላው አለ፣ መንገዱ የለም
የግርማ በርታ የጎዳና ፎቶግራፎችና የእኛ የስልክ ካሜራ

በየካቲት 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የፒያሳ ቤቶች መፍረስ ሲጀምሩ የብዙ ወጣቶች ስልክ በአንድ ዓይነት ፎቶግራፍ ተሞላ፦ ጣሪያው የተነሣ ቤት፣ መዝጊያ የሌለው ደጃፍ፣ ግማሹ የቆመ የእንጨት በረንዳ፣ በግድግዳ ላይ ተጽፎ የቀረ የሱቅ ስም። ካነሡት መካከል የሰፈሩ ልጆች ነበሩ፤ ለመሰናበት ብለው ከሌላ ሰፈር የመጡም ነበሩ። አንዳንዶቹ ፎቶዎች ዓለም ኃላፊ መሆኗን ከሚያስታውስ ጥቅስ ጋር በወጣት ኅብረቶች ገጾች ላይ ወጡ።

ዝማሬ ሲቀርብልን ግጥሙን እንመዝናለን። ድራማ ሲሠራ መልእክቱ ከቃሉ ጋር ይስማማ እንደሆነ እንጠይቃለን። ፎቶግራፍ ላይ ስንደርስ ግን "ያምራል" ብለን ጣታችንን አንሸራትተን እናልፋለን። ይህ የሚያስገርም ነው፤ ምክንያቱም ከጥበቦች ሁሉ አብዝተን የምንሠራው እርሱን ነው። ግጥም የማይጽፍ ወጣት ብዙ አለ፤ ፎቶ የማያነሣ ግን ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ በዚህ ዕትም የአንድ የከተማችንን ልጅ ሥራ ረጋ ብለን እንመልከት። ሥራው በስልክ የተነሣ ነው፤ ርእሰ ጉዳዩም የአዲስ አበባ መንገደኛ ነው። ስለዚህ ስለ እርሱ የምንለው ነገር ሁሉ ዞሮ ወደ ራሳችን ይመጣል።

ሥራው

ግርማ በርታ እ.ኤ.አ. በ1990 የተወለደ፣ ፎቶግራፍን ራሱን በራሱ ያስተማረ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ይበልጥ የታወቀበትና "ተንቀሳቃሽ ጥላዎች" ብለን ልንተረጉመው የምንችለው ተከታታይ ሥራው በአይፎን የተነሣና በኢንስታግራም ለሕዝብ የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በጋራ ከሚሰጡት ሽልማት አሸናፊዎች አንዱ ሆነ። ከሕንዳዊው ሮኒ ሴንና ከኡራጓዊው ክርስቲያን ሮድሪጌዝ ጋር ለእያንዳንዳቸው 10,000 የአሜሪካ ዶላር ተሰጣቸው። ውድ ካሜራ ስለሌለን ብቻ ጥበብ የራቀን ለሚመስለን ሁሉ ይህ አንድ መልስ ነው።

የአሠራሩ ዘዴ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። ግርማ መንገድ ላይ አንድን ሰው ያነሣል፤ ዕቃ የተሸከመ፣ የሚሸጥ፣ ወይም በራሱ ሐሳብ የሚሄድ ሰው። ከዚያ በሰውየው ዙሪያ ያለውን ሁሉ ቆርጦ ያወጣል። ግድግዳው፣ ታክሲው፣ ኮብልስቶኑ፣ የመብራት እንጨቱ፣ ሌላው መንገደኛ ሁሉ ይጠፋሉ። በቦታቸው አንድ ወጥና ደማቅ ቀለም ይገባል። በመጨረሻ የሚቀሩት ሰውየው፣ የያዘው ዕቃና መሬት ላይ የወደቀው ጥላው ናቸው።

ጥላውን አለመቁረጡ ሥራውን ከተራ የቀለም ጨዋታ አውጥቶታል። ጥላው ባይኖር ኖሮ ሰውየው ከመጽሔት ላይ በመቀስ ተቆርጦ በካርቶን ላይ የተለጠፈ ምስል ይመስል ነበር። ጥላው ግን ያቆመዋል። ፀሐይዋ ከየት በኩል እንዳለች፣ ረዘም ያለም ከሆነ ጠዋት ወይም ወደ ማታ ገደማ እንደሆነ ይነግረናል። የደጋ ፀሐይ ምን ያህል ጥርት ያለ ጥላ እንደምትጥል የሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ቦታው ሳይነገረው እንኳ ብርሃኑን ያውቀዋል። በሥዕሉ ውስጥ ከከተማዋ የቀረልን ነገር ቢኖር ይህ ብርሃን ነው።

ክብር ያገኘ መንገደኛ

ግርማ ዳራውን ለምን አጠፋው? ጥያቄውን በቅንነት ለመመለስ ኢትዮጵያዊ ሰው በፎቶግራፍ ሲታይ የኖረበትን መንገድ ማስታወስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራ የያዘው መሐመድ አሚን ከኮረም ያቀረቡት የረሃብ ዘገባ ዓለምን አንቀሳቅሷል። የብዙዎችን ነፍስ ያተረፈ ዕርዳታ እንዲመጣም ምክንያት ሆኗል፤ ይህን ማቃለል አይገባም። ሆኖም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በውጭው ሰው ዓይን ኢትዮጵያዊ ከዚያ አቧራማ ሜዳ ተለይቶ መታየት አቃተው። ዳራው ሰውየውን ዋጠው። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን ስትመሠርት አንዱ ጉዳይዋ ይኸው ነበር፤ አፍሪካ በራሷ ልጆች ዓይን እንድትታይ መድረክ መክፈት።

በዚህ መልክ ስናየው የግርማ መቁረጫ ትርጉም አለው። አንድ ተሸካሚ ከነጭነቱ በተጎሳቆለ አጥር ፊት ሲነሣ ተመልካቹ መጀመሪያ የሚያየው አጥሩን ነው፤ ቀጥሎም "ድህነት" የሚለውን ቃል ያስባል፤ ሰውየው ሦስተኛ ሆኖ ይመጣል። ያው ሰው በቢጫ ወይም በሰማያዊ ቀለም ላይ ብቻውን ሲቆም ግን ዓይናችን ሌላ የሚሄድበት የለውም። ሸክሙን ለማመጣጠን ወገቡን እንዴት እንዳዘነበለ፣ ልብሱን እንዴት እንደደራረበ፣ እግሩን እንዴት እንደሚያነሣ እናያለን። በየቀኑ አጠገቡ ስናልፍ ያላየነውን እናያለን። የትም አልሄድንም፤ ሰውየውም ከከተማችን ሰው አንዱ ነው፤ ግን አሁን ገና አየነው። ለመንገደኛ እንዲህ ያለ ቦታ መስጠት ትልቅ ነገር ነው። እያንዳንዱ ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ ብለን የምናምን ሰዎች ይህን ቶሎ ልንረዳ ይገባናል።

ዘዴው ፈጽሞ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ኢርቪንግ ፔን እ.ኤ.አ. በ1950ና በ1951 በፓሪስ፣ በለንደንና በኒውዮርክ የእጅ ሠራተኞችን ከነሥራ ልብሳቸውና ከነመሣሪያቸው ወደ ስቱዲዮ እየጠራ በባዶ መጋረጃ ፊት አንሥቷቸዋል። ኬክ ጋጋሪው፣ ዓሣ ሻጩ፣ ሥጋ ቆራጩ እንደ መኳንንት ቆመው ይታያሉ። ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንድ ልዩነት ጎልቶ ይወጣል። የፔን ሠራተኞች ተጠይቀው፣ ተከፍሏቸው፣ ራሳቸውን አስተካክለው የመጡ ናቸው፤ ወደ ካሜራው ቀጥ ብለው ያያሉ፤ እንዴት መታየት እንደሚፈልጉ የተወሰነ ድርሻ አላቸው። የግርማ መንገደኞች አብዛኞቹ ካሜራውን አያዩም። የስልክ ካሜራ ትኩረት አይስብምና ሰው ሳይዘጋጅ እንዲነሣ ያስችላል። ከዚህ የተነሣ በግርማ ሥራ ውስጥ በፔን ዘንድ የማይገኝ ሕይወትና እንቅስቃሴ አለ። በፔን ሥራ ውስጥ ያለው የሁለት ሰዎች ግንኙነት ግን የለም። አንዱ ያያል፤ ሌላው መታየቱን አያውቅም።

የጠፋው አራዳ

አሁን ወደ ዋናው ጉድለት እንምጣ። በእነዚህ ሥዕሎች ላይ ያለው ሰው አራዳ ይሁን መርካቶ፣ ሳሪስ ይሁን ሽሮ ሜዳ፣ ሥዕሉ ራሱ አይነግረንም። ግርማ ሲሠራ ይህ የታሰበበት ምርጫ ነበር፤ ዛሬ ፒያሳን ያየ ሰው ግን ምርጫውን እንደ ቀድሞው ሊመለከተው አይችልም።

አራዳ ማለት ምን እንደሆነ እናስብ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የከተማዋ ትልቅ ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወሩት፤ ለአካባቢውም የቀረው ስም በቋንቋቸው "አደባባይ" ማለት ነው። በዙሪያው ያሉት ስሞች እያንዳንዳቸው ታሪክ ናቸው፦ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ሰባ ደረጃ፣ ደጃች ውቤ ሰፈር። ኗሪው ሲያወጣቸው በዚያ ቦታ ማን ይሠራ እንደነበር፣ ምን ይደረግ እንደነበር፣ ማን ጮኾ ማን እንዳልደረሰለት ጭምር ነው የመዘገበው።

አንድ ሊስትሮ በዚህ ሰፈር ውስጥ ሲቀመጥ የተቀመጠበት ቦታ ግማሽ ታሪኩ ነው። በሲኒማ ኢትዮጵያ ደጃፍ ያለው ሊስትሮ ፊልም የሚገባውን ሰው ይጠብቃል። በወርቅ ቤቶቹ በኩል ያለው ለሠርግ ቀለበት የመጡትን ሙሽሮች ያያል። በጊዮርጊስ በኩል ያለው የንግሥ ቀን ገበያው እንደሚደምቅለት ያውቃል። ሦስቱን ከቦታቸው ቆርጠን በቀይ ቀለም ላይ ብናስቀምጣቸው ያው ሣጥን፣ ያው ብሩሽ፣ ያው አጎንብሶ መቀመጥ ይሆናሉ። ሦስት ሕይወቶች አንድ ምልክት ሆኑ ማለት ነው።

ከዳራው ጋር የሚጠፋው ግድግዳ ብቻ ቢሆን ጉዳቱ ቀላል ነበር። ሌሎች ሰዎችም አብረው ይጠፋሉ። ሊስትሮው ጫማ ሲጠርግ እግሩን የዘረጋ ሰው አለ። ጉልት የተቀመጠች እናት አጠገብ ሌላ ጉልት የተቀመጠች እናት አለች፤ አንዷ ለሥራ ስትነሣ ሌላዋ ዕቃዋን ትጠብቅላታለች። ሎተሪ አዟሪው ከካፌው በረንዳ ሲደርስ በስሙ የሚጠራው ደንበኛ አለው። "ተንቀሳቃሽ ጥላዎች" ውስጥ አብዛኛው ሰው ብቻውን ነው። አራዳ ላይ ግን ብቻውን የሚኖር ሰው የለም፤ የሰፈሩ ድህነት ብዙ ቢሆንም ብቸኝነት ከድህነቶቹ አንዱ አልነበረም። ዕድሩ፣ የቡና ጥሪው፣ በአንድ ቧንቧ መገናኘቱ፣ መጣላቱና መታረቁ ሁሉ በዚያ ጠባብ ቦታ ተጣብቆ የኖረ ነው። ሰውየውን ከድህነቱ ዳራ ለማዳን ሲባል ከጎረቤቱም ተለየ።

ስለ ጥላ ሌላም ነገር እናውቃለን። በሐዋርያት ሥራ 5፥15 የኢየሩሳሌም ሰዎች ሕመምተኞቻቸውን ወደ አደባባይ አውጥተው ያስተኙ ነበር፤ ጴጥሮስ ሲያልፍ ጥላው እንዲያርፍባቸው። ሉቃስ ስለ ጴጥሮስ ጥላ የጻፈው ጥላው የሚያርፍበት ሰው ስለነበረ ነው። በግርማ ሥዕል የሰውየው ጥላ በቀለም ላይ ብቻ ያርፋል። ማን ላይ ያረፈ ነበር? ማን ከፀሐይ ተጠልሎበት ነበር? አናውቅም።

በ2016 ዓ.ም. የሆነው ይህን ጥያቄ አክብዶታል። በየካቲት የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ የኮሪደር ልማቱ ሥራ ተጀምሮ ዶሮ ማነቂያንና አካባቢውን ጨምሮ ብዙ ቤቶች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛወሩ። መንገዱ ሰፋ፣ ጸዳ፣ መብራት ተተከለለት። በአሮጌው ቤት ውስጥ ክረምቱን ያሳለፈ ሰው ጣሪያው ያፈስ እንደነበር፣ መጸዳጃው የጋራ እንደነበር ያውቃል፤ ስለዚህ ከሩቅ ሆኖ በአሮጌው ቤት ውበት ብቻ መመሰጥ ቅን አይደለም። ቢሆንም ሥዕሉ ያደረገውን ነገር ከተማዋ በእውነት አደረገችው፦ ሰዎቹ ከዳራቸው ተለዩ። ሥዕሉ ላይ ሲሆን ውብ የነበረው ነገር በሕይወት ሲደርስ እንዴት እንደሚከብድ፣ በአንድ ቀን ጎረቤቶቿን ያጣች እናት ትነግረናለች። ግርማ ይህን አላደረገም፤ ሊያውቀውም አይችልም ነበር። ሥራዎቹ ግን ዛሬ ሲታዩ ቀለሙ ባዶ ቦታ መስሎ ይታየናል። ያንን ባዶ ቦታ መሙላት የሚችሉት ሌሎች ፎቶግራፎች ናቸው።

ሌላው መንገድ

እንዲህ ካሉት ሌሎች ፎቶግራፎች መካከል የሚካኤል ፀጋዬ ሥራዎች ይገኛሉ። ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1975 ተወልዶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ያጠና ነው፤ የዘይት ቀለም ለጤናው ስላልተስማማው ወደ ካሜራ ዞረ። "የወደፊት ትዝታዎች" የሚል ትርጉም ልንሰጠው የምንችለው ሥራው የአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱና አዲሲቱ ከተማ ስትነሣ የሚመለከት ነው፤ የተሠራውም ከፒያሳው መፍረስ ከዓመታት በፊት ነው። ርእሱ ብልህ ነው። ዛሬ በዓይናችን ፊት ያለው ነገር ነገ ትዝታ እንደሚሆን አስቀድሞ ያየ ሰው ርእስ ነው። በሌላ ሥራውም በመቃብር ድንጋዮች ላይ የተለጠፉትን፣ ፀሐይና ዝናብ ያደበዘዟቸውን የሟቾች ፎቶግራፎች አንሥቷል። ፎቶግራፍ ራሱም እንደሚሞት የሚያስታውስ ሥራ ነው።

ሚካኤል ግርማ የጣለውን ቦታ ያነሣል። ፍርስራሹ፣ ክፍቱ ሜዳ፣ ከበስተጀርባ የሚነሣው ሕንጻ አብረው ይታያሉ፤ ተመልካቹም ምክንያትና ውጤት አብሮ ያያል። ነገር ግን ይህ መንገድ የራሱ አደጋ አለው፤ አደጋው በሚካኤል ላይ ሳይሆን እርሱን በሚከተሉ ብዙ አንሺዎች ላይ ጎልቶ ይታያል። ፍርስራሽ በቀላሉ ያምራል። የተላጠ ቀለም፣ የጠመመ ደረጃ፣ የዛገ ቆርቆሮ በማለዳ ብርሃን ሲታዩ ሰው ሳያስፈልጋቸው ልብ ይነካሉ። በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ ያነሣኋቸው የስልኮቻችን የፒያሳ ፎቶዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። በረንዳው አለ፤ በረንዳው ላይ ልብስ ታሰጣ የነበረችው ሴት የለችም። የግርማ ሥዕል ቦታ የሌለው ሰው ከሆነ፣ የእኛ ፎቶ ሰው የሌለው ቦታ ሆኗል።

ኢየሱስ የተመለከተው

የማርቆስ ወንጌል 12፥41–44ን እና የሚቀጥለውን ምዕራፍ መጀመሪያ ሳናቋርጥ አብረን እናንብብ። የምዕራፍ መክፈያው ቁጥር ሁለቱን ታሪኮች ስለለያየብን ብዙ ጊዜ ለየብቻቸው ይሰበካሉ፤ ማርቆስ ግን ያስቀመጣቸው ጎን ለጎን ነው።

በመጀመሪያው ጌታ በመዝገቡ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሰዎች ገንዘብ ሲጥሉ ይመለከታል። ቸኩሎ አያልፍም፤ ተቀምጧል። ባለጠጎች ብዙ ይጥላሉ፤ አንዲት ድሀ መበለት መጥታ ሁለት ትንንሽ ሳንቲም ትጥላለች። እርሱም ደቀ መዛሙርቱን ጠርቶ ከሁሉ ይልቅ የሰጠችው እርሷ መሆኗን ያስረዳቸዋል። አሁን ይህን ታሪክ በግርማ ዘዴ እንቁረጠው። ባለጠጎቹን እናውጣ፤ መዝገቡን እናውጣ፤ ለኑሮዋ የቀራት ያ ብቻ መሆኑንም እናውጣ። በደማቅ ቀለም ላይ አንዲት ሴት ሁለት ሳንቲም ይዛ ቆማለች። ሥዕሉ ያምር ይሆናል፤ ታላቅነቷ ግን አይታይም። ጌታ ስለ እርሷ የተናገረው ነገር ሁሉ ከዳራዋ ጋር ተነጻጽሮ የተነገረ ነው። ባለጠጎቹ ካልታዩ እርሷ አትታይም።

ወዲያው በ13፥1 ከመቅደሱ ሲወጡ አንዱ ደቀ መዝሙር ድንጋዮቹንና ሕንጻዎቹን እንዲያይለት ለጌታ ያሳየዋል። ስልክ ቢኖረው ኖሮ ያነሣቸው ነበር። ጌታም እነዚያ ድንጋዮች አንዱ በአንዱ ላይ ሳይቀር እንደሚፈርሱ ይናገራል። ደቀ መዝሙሩ ገና አሁን ስለ መበለቲቱ ሰምቶ ዓይኑ ወደ ድንጋይ መመለሱ ያሳዝናል፤ ግን ከእኛ አይለይም። ኢየሱስ የመቅደሱን መፍረስ በግድየለሽነት አልተናገረም፤ ሉቃስ እንደሚነግረን ለዚያች ከተማ አልቅሷል። ስለዚህ ለፒያሳ ድንጋይ ማዘን ኃጢአት አይደለም። ድንጋዩን ስናይ መበለቲቱን ካጣናት ግን ያየነው ጥቂት ነው።

ከዚህ አንጻር መመዘኛው ግልጽ ይመስለኛል። ጥሩ የጎዳና ፎቶግራፍ ሰውየውን በቦታው ያሳያል፤ ቦታውም ሰውየውን ሳይውጠው፣ ሰውየውም ከቦታው ሳይነቀል። ይህን ማድረግ ከሁለቱም መንገዶች ይከብዳል። ዳራውን በኮምፒውተር ማጥፋት ይቻላል፤ ፍርስራሹንም ሰው እስኪያልፍ ጠብቆ ማንሣት ይቻላል። ሰውየውንና መንገዱን አንድ ላይ ለማየት ግን ቆሞ መጠበቅ፣ ብዙ ጊዜም ቀርቦ ማነጋገር ያስፈልጋል።

የእኛ ስልኮች

ይህ ነገር ከሥነ ጥበብ ውይይት አልፎ ወደ አገልግሎታችን ይገባል። ለበዓል ማዕድ ስናጋራ፣ ጎዳና ላይ ላሉ ወገኖች ምሳ ስንወስድ ፎቶ እናነሣለን። ብዙ ጊዜ በፎቶው መሐል የምንቆመው እኛ ነን፤ የኅብረቱ ስም ያለበት ቲሸርት ጎልቶ ይታያል፤ ዘይቱን የተቀበሉት እናት ግን አንገታቸውን ደፍተዋል። በማቴዎስ 6 ጌታ ስለ ምጽዋት ያስተማረውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ሪፖርት ለማቅረብ ማስረጃ ያስፈልጋል የሚለው ክርክር እውነትነት አለው። የተቀባዩ ፊት ግን ለማስረጃ አያስፈልግም፤ የተከመረው ዱቄትና የተፈረመው መዝገብ ይበቃል።

ሕጉም ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ 28 ደግሞ በሕዝብ ፊት ለተደረጉ ሁነቶች፣ ለትምህርትና ለባህል ጉዳዮችና ለመሳሰሉት ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል። የጎዳና አንሺዎች በእነዚህ ልዩ ሁኔታዎች ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። ለእኛ ግን ሕጉ የሚፈቅደው ሁሉ ፍቅር የሚፈቅደው አይደለም። እናታችሁ ዕርዳታ ስትቀበል የተነሣችውን ፎቶ በማታውቁት ሰው ገጽ ላይ ብታዩት ምን ይሰማችኋል? ይህ ጥያቄ ከአንቀጹ ይልቅ ቶሎ ይገባናል።

አጋር ከእመቤቷ ሸሽታ በምድረ በዳ በመንገድ ዳር ምንጭ አጠገብ ስትገኝ የእግዚአብሔር መልአክ በስሟ ጠርቶ ከየት እንደመጣችና ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት (ዘፍጥረት 16)። እርሷም የሚያያትን አምላክ ያወቀችው ከዚህ በኋላ ነው። ስም፣ የመጡበት፣ የሚሄዱበት፦ እነዚህ ሦስት ነገሮች የአንድ ሰው ዳራ ናቸው። ካሜራ ከማንሣታችን በፊት ወይም ካነሣን በኋላ እነዚህን ብንጠይቅ ፎቶው ራሱ ይለወጣል። ሰውየው ወደ እኛ ያያል፤ እኛም ከሰውየው በስተኋላ ያለውን መቁረጥ አያሰኘንም፤ ምክንያቱም አሁን ምን እንደሆነ አውቀነዋል።

የ"ተንቀሳቃሽ ጥላዎች" ዋጋ በዚህ ሁሉ አይቀንስም። ግርማ በርታ የከተማችንን መንገደኛ የምናዝንለት ሳይሆን የምናየው ሰው አድርጎ አቅርቦልናል፤ ያንንም በእጃችን ባለው መሣሪያ አድርጎታል። ሥራዎቹን ፈልጋችሁ ተመልከቱ። በኅብረታችሁም አንዱን አሳይታችሁ ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ፦ ይህ ሰው ምን እያደረገ ነው? የት ይመስላችኋል? አጠገቡ ማን ነበር? የመጀመሪያውን ሁሉም ይመልሳል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ የሚፈጠረው ዝምታ ለውይይት ይበቃችኋል።

ከዚያ ወደ ሥራው ግቡ። ከቤተ ክርስቲያናችሁ በእግር የሚደረስ አንድ መንገድ ምረጡ፤ አራዳ ላይ ያላችሁ ገና ያልፈረሰውንም አዲስ የተሠራውንም አስቡ፤ አዲሱ መንገድም ነገ ትዝታ ይሆናል። ለአንድ ወር በየሳምንቱ ወደ እዚያው መንገድ ሂዱ። በመጀመሪያው ሳምንት ካሜራ አታውጡ፤ ሻይ ጠጡ፣ ጫማ አስጠርጉ፣ ስም ተዋወቁ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት አስፈቅዳችሁ አንሡ፤ ሰውየውን ከነቦታው፣ ከቻላችሁም አጠገቡ ካለው ሰው ጋር። እምቢ ያለ ካለ አመስግናችሁ ተዉት። በአራተኛው ሳምንት ፎቶዎቹን በወረቀት አሳትሙና በስተጀርባቸው ስም፣ ቦታና ቀን ጻፉ። ለኅብረቱ ከማሳየታችሁ በፊትም ለየባለቤቶቻቸው ውሰዱላቸው፤ የትኛውን ሌላ ሰው እንዲያየው እንደሚፈልጉም እነርሱ ይምረጡ።